እሰጥ የሌለው አገባ

የእድራችንን ድንኳን አይጥ በላው። ጫፍ ጫፉን ቢበላ በመርፌ ይጠገን ነበር፤ እሱ ግን መርጦ ጽሑፉ ያለበትን በላ። አዲስ ድንኳን ገዛን። ስማችንን በቀለም የሚጽፍልን ሰውም ተገኘ። በዋጋ ተጨቃጭቀን ተስማማን። እኔም የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ቃለ ጉባኤው ላይ «ለሰአሊው 1500 ብር ይከፈል» ብዬ አሰፈርኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ቃለ ጉባኤውን ሳነበው ማንም ምንም አላለም። ጆሮ ፊደል አይለይም። ጉዱ የፈላው መዝገቡ ለፊርማ ሲዞር ነው። የሰፈራችን መሪጌታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ መዝገቡን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ቆዩ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ 1500 ብር ለማን ነው የሚከፈለው?»

«ለሠዓሊው ነው፣ መሪጌታ።»

«አንተ የጻፍከው ለለማኙ ይከፈል ብለህ ነው።»

በግዕዝ «ሰአለ» በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው። ሥዕል የሚሣለው በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ነው። እመቤታችንን «ሰአሊ ለነ» የምንላት ለምኚልን ስንል ነው፤ ፊደሉን ከሳትን ሥዕል ሣዪልን ብለናት ቁጭ አልን። መሪጌታ በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር፤ ዐይናቸው ወደ ቀኑ ወረደ። «2016 አመተ ምህረት» ብያለሁ። በአልፋው አ የተጻፈች «አመት» ደግሞ ገረድ ናት። «እንግዲህ እድራችን 2016 ገረዶች ቀጥሯል» አሉና መዝገቡን ሳይፈርሙ ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ያልሳቀ ጸሐፊ ጥፋቱን አመነ ይባላል ብዬ። ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፣ ከኋላ ወንበር አንድ እጅ ባይነሣ።

እጁ የጡረተኛው የአማርኛ መምህር ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ግማሹን ሰፈር ስላስተማሩት። «መሪጌታ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎትና…» አሉ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ከልቡ ይቅርታ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም፤ ማቋረጡን ሲያቋርጥም አላየሁም።

«የፊደል ገበታው 33 ቤት አለው» አሉ ጋሼ። «በየቤቱ 7 ልጅ። ድምር 231። ከእነዚህ ውስጥ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ እና ፀሐዩ ፀ በአማርኛ ድምፃቸውን ለወንድሞቻቸው አስረክበው ጡረታ ወጥተዋል። አምስት ጊዜ ሰባት 35። ቀሪ 196። አንድ ሕፃን ልጅ 35 ፊደል ያለ ሥራ ለምን ይሸከማል?» ትንሽ አሰቡና «ኸን ለጊዜው አልነካትም» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ምሕረት ነበረበት።

«ጡረታ የወጣ ሁሉ ይቀበራል እንዴ?» አሉ መሪጌታ። «እርስዎም ጡረተኛ ነዎት።»

በዚህ ጊዜ ነው አንዱ ተነሥቶ መጠየቅ የሌለበትን ጥያቄ የጠየቀው፦ «ታዲያ ድንኳኑ ላይ የሚጻፈው እድር በየትኛው ነው?»

እኔ በአልፋው እ ነው የምጽፈው። አስቤበት አይደለም፤ መዝገቡን ያስረከቡኝ ሰውዬ እንዲያ ይጽፉ ስለነበር ነው። ጋሼም በአልፋው አሉ፤ ቀላሉ እሱ ነው ብለው። መሪጌታ በዐይኑ ዕ ነው አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፣ ጣራውን አይተው፣ «ሥሩን ከጠየቃችሁማ ማደር በግዕዝ ኀደረ ነው። እውነቱ ኅድር ነበር» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እስካሁን በሁለት ወገን የተሰለፈ ሰው በድንገት ሦስተኛ ወገን ተፈጠረበት፤ የመሪጌታ ደጋፊዎች መሪጌታን ከራሳቸው ከመሪጌታ ማዳን ነበረባቸው።

መለዋወጫ የሚሸጡት ጎረቤታችን አፍ የፈቱት በትግርኛ ነው። «እናንተ ድምፁን ጣላችሁት እንጂ ፊደሉ ምን በደለ?» ብለው ሐን ከደረታቸው፣ ዐን ከጉሮሯቸው እየጎተቱ አወጡልን። እውነታቸውን ነው፤ እነዚያ ፊደሎች ለጌጥ አልተሠሩም፣ በግዕዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ ሐ እና ዐ በትግርኛ ዛሬም በሕይወት አሉ። ዐን ሦስተኛ ጊዜ ሲደግሙልን ግን የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እትዬ ትን ያላቸው መስሏቸው ውኃ አቀበሏቸው።

ኮምፒውተር የሚጠግነው ልጅ ደግሞ እጁን አንሥቶ «ጋሼ፣ አሁን እኮ ሁሉም ፊደል ስልክዎ ላይ አለ» አለ። ልጁ አላወቀም እንጂ የክርክሩን ምሰሶ ነው የነቀለው። ፊደል ይቀነስ የሚለው ሙግት ትልቁ ጉልበቱ የጽሕፈት መኪና ነበር። ለላቲን 26 ፊደል በተሠራ መኪና ላይ 231 ፊደል ማሳፈር፣ የሠርግ አጃቢን በሙሉ በአንድ ሚኒባስ እንደ መጫን ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን «አምስቱን ቤት እንቀንስ» የሚል ሰው ቢያንስ ጣቱ የቆሰለ ታይፒስት ከጎኑ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ግን የኢትዮጵያ ፊደል ከነሐመሩ፣ ከነብዙኃኑ፣ ከነዲቃላው ገባበት። ኮምፒውተር 35 ፊደል ቢጨመርበት ወገቡን አያመውም። ምክንያቱ ሞተ። ክርክሩ ግን ለቅሶ እንኳ አልደረሰም።

«ሥነ ሥርዓት!» አሉ የእድሩ ዳኛ። ጡረተኛ ሻለቃ ናቸው። ሌላ ቃል ሲናገሩ እምብዛም አይሰሙም፤ ይህችን አንዲቷን ግን ሰዓት እንደሚሞላ ሰው በየአሥር ደቂቃው ይሏታል። ጉዳዩ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

በሚቀጥለው እሑድ መሪጌታ በፌስታል ጡብ የሚያካክሉ ሁለት መጻሕፍት ይዘው መጡ። አንደኛው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው፤ በ1948 የታተመው። ሁለተኛው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ተማሪ የነበሩት የደስታ ተክለ ወልድ ነው፣ በ1962 የወጣው። መሪጌታ የሁለተኛውን ሽፋን ብቻ አሳዩን፤ መክፈት አላስፈለጋቸውም። ስሙ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። በዐይኑ ዐ!

ጋሼ ዝም ብለው ከብብታቸው ጋዜጣ አወጡ። «አዲስ ዘመን» ይላል። በአልፋው አ። «ከ1933 ጀምሮ እንዲህ እያለ ይወጣል። አገር አልፈረሰም» አሉ።

እውነቴን ነው፣ ሁለቱ ሰዎች እነዚህን ሁለት ቃላት ግራና ቀኝ ከፍ አድርገው እንደ ታቦት ይዘው ሲቆሙ፣ አንዱ «ዐዲስ»፣ ሌላው «አዲስ»፣ ለደቂቃ ያህል የተከበረ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «ከመዝገበ ቃላትና ከጋዜጣ የቱ ይበልጣል?» አለ። ያን ጊዜ የት እንዳለሁ አወቅሁ። አምስተኛ ክፍል ነኝ።

የአርብ ክርክር የቀረበት ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያንሣ። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ የተከበራችሁ ሰዓት ተቆጣጣሪ፣ የተከበራችሁ ተማሪዎች፣ ዛሬ የምከራከረው ከከተማ ኑሮ የገጠር ኑሮ እንደሚሻል ነው።» ከሀብት እውቀት፣ ከብዕር ሰይፍ፣ ከእናት አባት፤ ማንም አእምሮው ያልተናጋ ሰው የማይለያቸውን ነገሮች ይዘን ስንለያይ አደግን። ወገን የሚያድለን አስተማሪው ነበር፤ በስም ዝርዝር ቁጥር። ጎዶሎ ቁጥር ገጠር፣ ሙሉ ቁጥር ከተማ። እኔ ጎዶሎ ነበርኩ። ገጠርን ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ እሱንም ከግማሽ መንገድ በኋላ ተኝቼ። ሆኖም ስለ ንጹሕ አየር፣ ስለ ትኩስ ወተት፣ ላሚቱን በስሟ ስለ መጥራት እንባ እየተናነቀኝ ተናገርኩና አሸነፍኩ። ሽልማቱ አንድ እስክሪብቶ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ወተት ሳይ የማላውቀው አገር ይናፍቀኝ ጀመር። ለጓደኞቼ ስለ ከተማ ጫጫታ አማርር ነበር። አስተማሪው በቁጥር ያደለኝ ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ እምነቴ ሆኖ አረፈ።

ትልቅ ሰው ሲሆን ቁጥሩን የሚያድለው ማን እንደሆነ አላውቅም። በእድራችን ግን ያየሁትን ልናገር፤ ወገን የተለየው በወንበር ነው። መሪጌታ አጠገብ የተቀመጠ በዐይኑ ዕ፣ ጋሼ አጠገብ የተቀመጠ በአልፋው እ። አንዱ ዘግይቶ መጥቶ በሩ ጋ ስለቆመ ሁለት ሳምንት ሙሉ ገለልተኛ ሆኖ ተከበረ።

ሌላም ያየሁት አለ፤ ጸሐፊ ብዙ ነገር ያያል። ጋሼ መዋጮ ከፍለው ሲፈርሙ ስማቸውን ሙሉ በሙሉ ይጽፋሉ፤ በስማቸው ውስጥ አንድ ንጉሡ ሠ እና አንድ ፀሐዩ ፀ አሉ። ሁለቱንም እግራቸውን ሳያጎድሉ፣ እንደ ቅርስ ተጠንቅቀው ነው የሚጽፏቸው። መሪጌታ ደግሞ በስልክ መልእክት ይልኩልኛል። «በሰአቱ እመጣለሁ»። በዐይኑ ሳይሆን በአልፋው አ፤ ልክ እንደ «ሰአለ»። ልመና የሚሉት ነገር እንኳ የለበትም ብዬ ዝም አልኩ።

ክርክሩ ከአዳራሹ ወጥቶ መንደር ገባ። የሥጋ ቤቱ በር ላይ «ስጋ» ስለሚል ሁለት የመሪጌታ ወገኖች ግማሽ ኪሏቸውን ከመንገዱ ማዶ መግዛት ጀመሩ። ማዶ ያለው ሰሌዳ «ሥጋ» ይላል፣ በንጉሡ። ሚዛኑ ግን ይሰርቃል። የሚሰርቀውም በእሳቱ ሰ ነው፤ በንጉሡ ሠማ ቢሆን በግዕዝ «ወጣ፣ እንደ ፀሐይ በራ» ማለት ነበር።

አያቶቻችን ሲከራከሩ እንዲህ አልነበረም። ወርቃማ ዘመን አለ ብዬ አይደለም፤ ሙግት ያደኸየው ገበሬ ስንቱ ነው። ሥርዓቱ ግን ሥርዓት ነበር። በላ ልበልሃ የሚባለውን ያየ ሰው ቲያትር ለምን ዘግይቶ አገራችን እንደ ገባ አይጠይቅም። ተሟጋች ነጠላውን ከትከሻው ጥሎ ያደገድጋል፤ ዘንጉን ይይዛል፤ ወደ ፊት ይራመዳል፤ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ባላጋራው ይመልሳል፤ ቃል የጣፈጠለት ተመልካቹን ይዞ ይሄዳል። ሸንጎ ሩቅ ከሆነ መንገደኛ አስቁመው «ፍረደን» ይሉታል፤ ያ ሰው ገበያው ቢያልፍበትም ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ከመሐላቸው ነገራቸውን ይዘው ዳኛ ፍለጋ ይጓዛሉ። ዛሬ ሁለት ሰዎች በሐሳብ ተለያይተው አንድ ጎዳና አብረው ሲሄዱ አያችሁ?

ከሁሉ ደስ የሚለኝ ግን ውርርዱ ነው። ተሟጋች ዝም ብሎ «ዋሽተሃል» አይልም። «ዋሽተሃል፣ በማር!» ይላል። ጉዳዩ ከባሰ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዳል። የተረታው ማሩን ያገባል፤ ውርርዱ ለዳኛው ስለሚገባም ዳኛ ሲያዳምጥ የሚያንቀላፋ አይመስለኝም። ያን ጊዜ አፍ ሲከፈት ኪስም አብሮ ይከፈት ነበር። አንድ ሰው በቅሎውን ከማስያዙ በፊት እርግጠኛ መሆኑን ወይም በእግሩ መሄድ መውደዱን ቆም ብሎ ያስባል።

እሰጥ አገባ የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ዛሬ «እሰጥ አገባ ገጠሙ» ስንል ተነታረኩ ማለታችን ነው። ቃሉ ግን በሆዱ «እሰጥ» ይዟል፤ ካልሆነልኝ ይህን እሰጣለሁ የሚል ሰው ድምፅ ነው። እኛ በጊዜ ብዛት እሰጡን ጥለን አገባውን ብቻ ይዘን ቀረን፤ «ምን አገባህ?» ሲሉን «ያገባኛል!» የምንልበትን አገባ።

ይህን ሐሳብ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከስብሰባው በፊት፣ ሻለቃው መኪያቶ ሲጠጡ ነገርኳቸው። ያደመጡኝ አልመሰለኝም ነበር። ስብሰባው ሲከፈት ግን ቆሙና ከ«ሥነ ሥርዓት» ሌላ ቃል ተናገሩ፦

«ከዛሬ ጀምሮ ስለ ፊደሉ የሚናገር ሰው በመጀመሪያ 200 ብር እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ጉባኤው ከእሱ ጋር ከወሰነ ብሩን ይወስዳል። ካልወሰነ ለእድሩ ካዝና ገቢ ነው። አሁን፣ ማን ነው የሚናገር?»

ሻለቃው ሲጀምሩ 19 እጅ ተነሥቶ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። ሲጨርሱ ሁለት ቀረ። አንዱ እጁን ወደ ራሱ ፀጉር ወሰደና አከከ። ሌላው «እኔ እንኳ ስለ ወንበሮቹ ልጠይቅ ነበር» አለ። ሦስተኛው ሰዓቱን አየ፤ ሰዓት አላሰረም። የቀሩት ሁለት እጆች የመሪጌታና የጋሼ ናቸው። መሪጌታ «ቅዱሳን በጸለዩበት ፊደል ቁማር አልጫወትም» አሉ። ጋሼ «እውቀት በብር አይወሰንም» አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ አለመክፈል።

እኔስ? እኔም ሐሳብ አለኝ። ኪሴን ዳሰስኩ። 150 ብር አለ። ሐሳቤ ከዚያ በላይ አያወጣም ብዬ ዝም አልኩ።

ዝምታው ሲረዝም እትዬ ተነሡ። የእድሩን ድስትና ብረት ምጣድ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ በስብሰባ የሚናገሩት ሰሐን ሲጎድል ብቻ ነው። የመቀነታቸውን ቋጠሮ ፈትተው ሁለት መቶ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በዐይኑ ነው በአልፋው፣ እትዬ?» አሉ ሻለቃው።

«እኔ በፊደሉ አልወራረድም። ይኼ ድንኳን ፊደሉ ሳይሟላ ሰው ይሞትበታል ብዬ ነው የምወራረደው። ማን ይገባል?»

ሁሉም አቀረቀረ። በሞት የሚወራረድ ማን አለ? እኔ ግን ሳቄ መጣብኝ፤ ነገሩን ለማቅለልም ፈለግሁ፤ ደግሞም ሠዓሊው በማግስቱ እንደሚጀምር አውቃለሁ። «እኔ እገባለሁ፣ እትዬ። እሰጣለሁ» አልኩ። ሃምሳውን ከጎረቤቴ ተበደርኩ።

ሠዓሊው በማግስቱ እውነትም ጀመረ። ሌላው ሁሉ አላከራከረም ነበርና «የሰፈራችን ነዋሪዎች መረዳጃ» የሚለውን በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር እጅ ጻፈው። «ድር» የሚለውንም ጻፈ። የመጀመሪያዋን ፊደል ቦታ ግን ክፍት ተወላት። «እናንተ ስትስማሙ ደውሉልኝ፤ ለአንዲት ፊደል የመመለሻ ታክሲ ትከፍላላችሁ» አለኝ።

ማክሰኞ ሌሊት ጡሩምባው ተነፋ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት አዛውንት አረፉ። በእድሩ ውስጥ ከማንም በላይ የቆዩ ናቸው፤ በስብሰባ እጃቸውን አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። መዋጮ ግን አንድ ወር አላሳለፉም። መዝገቡን ገለጥኩት፤ በየወሩ ከስማቸው ትይዩ የአውራ ጣታቸው አሻራ አለ። የሚፈርሙት በጣት ነበር።

ድንኳኑን ተከልነው። በሁለተኛው ሌሊት የሚያመሹት ካርታ ሲጫወቱ፣ ከሩቅ የመጣ አንድ ለቅሶ ደራሽ ቀና ብሎ ጽሑፉን አነበበ። «የሰፈራችን ነዋሪዎች መረዳጃ ድር» አለ። ትንሽ አሰበ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሊሉ ፈልገው ቀለም አልቆባቸው ነው?»

«አይደለም!» አሉ መሪጌታና ጋሼ፣ እኩል፣ ጎን ለጎን ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ። ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እንግዳው ዞረው «በመጀመሪያ ነገር…» ብለው ጀመሩ።

እትዬ ንፍሮ ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ ዝቅ ብለው በጆሮዬ «እሰጣለሁ ብለህ ነበር» አሉኝ።

ሰጠሁ። ብሩን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው ለእንግዳው ንፍሮ ዘገኑለት።